በሜሞሪ የተጫነ ዜግነት

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። በአባባሉ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ዘንድሮ በሱዳን ድንበር አጠገብ ባለችው ከተማችን ኮኪት ላይ የተሰማውን ጉድ በገዛ ድምፄ ቀድቼ ያሰራጨሁት እኔው መሆኔ ላይ ነው። ታሪኩን ከሌላ ሰው አፍ ተጣሞ ከምትሰሙት እኔው ልንገራችሁ ብያለሁ። ተጣሞ የሚደርስ ወሬ ምን እንደሚያመጣ ዘንድሮ ከእኔ በላይ የተማረ ሰው በቆላው ያለ አይመስለኝም።

ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ርዕሰ መምህርታችን ወይዘሮ ስንዱ ቢሯቸው አስጠሩኝ።

«ከላይ የመጣ ሥራ አለ» አሉኝ።

ከላይ የሚመጣ ነገር ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ዝናብ፣ ሌላው ለመምህር የሚሰጥ ተጨማሪ ሥራ። ዝናቡ አንዳንድ ዓመት ይቀራል። ሥራው ግን ቀርቶ አያውቅም።

«ስለ ዲጂታል ዜግነትና ስለ ዘላቂነት የኦንላይን ትምህርት አዘጋጁ ተብለናል። ተማሪውም ማኅበረሰቡም የሚማርበት ይሁን ነው የሚሉት። አንተ ትሠራዋለህ።»

«ለምን እኔ?»

«የምታስተምረው ዜግነት አይደል?»

«ዜግነቱስ ይሁን። ዲጂታሉስ?»

«የስልክህ መስታወት አልተሰነጠቀም።»

እውነታቸውን ነው። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ካሉት ስልኮች ሁሉ መስታወቱ ደህና የሆነው የእኔ ብቻ ነበር። ምክንያቱ ጥንቃቄዬ ሳይሆን የገዛሁት በዚያው ሳምንት መሆኑ ነው፤ ይህን ግን ለአለቃ አይነግሩም።

«ዘላቂነቱንስ እንዴት ላድርገው?» አልኩ፣ ተስፋ ሳልቆርጥ።

«ዘንድሮም ዝውውር አልጠየቅህም። ከአንተ የበለጠ ዘላቂ ሰው ከየት ላምጣ?»

በዚህ ተዘጋ። ቤቴ ስገባ የቤት አከራዬ ጋሽ በላቸው በረንዳቸው ላይ ማጭድ እየሳሉ አገኘኋቸው። ጋሽ በላቸው ወደ ሽንፋ በሚወስደው አቅጣጫ ሰሊጥና ማሽላ የሚያርሱ፣ ቁጥብ፣ ወሬ የማይወዱ ሰው ናቸው። የእሳቸው መኝታ ቤትና የእኔ ክፍል የሚለያዩት በአንድ ስስ የጭቃ ግድግዳ ነው። እኔ ሳስነጥስ «ይማርህ» ይላሉ፤ እሳቸው ሲያዛጉ እኔን እንቅልፍ ይወስደኛል። ፊቴን አይተው ምን እንደገጠመኝ ጠየቁኝና ነገርኳቸው።

«ዲጂታል ዜጋ ማለት ምን ማለት ነው?» አሉ ማጭዱን አቁመው።

«በስልክና በኢንተርኔት ሲጠቀም ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ማለት ነው፣ ጋሼ።»

«ግብር ይከፍላል?»

«እሱ የለበትም።»

«ስብሰባ ይጠራል?»

«አይጠራም።»

«እንዲያ ከሆነማ» አሉ፣ «የት ነው የሚመዘገቡት?»

እንግዲህ ሥራ ጀመርኩ። ያን ሰሞን ስክሪፕት ስጽፍ፣ ጽፌ ጮክ ብዬ ሳነብ፣ አንብቤ ስሰርዝ ከረምኩ። ግድግዳው የሚያሳልፈውን ሁሉ ጋሽ በላቸው እየሰሙ ነበር፤ አንድ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ «ዛሬስ ከትናንቱ ይሻላል» ብለውኝ አልፈዋል።

የከበደኝ ሁለቱን ርዕሶች ማገናኘቱ ነው። ዲጂታል ዜግነት ስለ ስልክ ነው። ዘላቂነት ስለ ዛፍ፣ ስለ አፈር፣ ስለ ነገ። ስልክና ዛፍን ምን ያገናኛቸዋል? ሲጨንቀኝ «ስልካችንን ስንነካ ዛፎቻችንን እናስታውስ» የሚል ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። ምን ለማለት ፈልጌ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ወይዘሮ ስንዱ ግን በጣም ወደዱት።

ቀጥሎ ቀረጻ ነው። በእኛ ቆላ ስልክ እንደ ሰው ነው፤ ረፋዱ ላይ ይደክመዋል፣ እኩለ ቀን ላይ ሥራ ያቆማል። ከትምህርት ቤቱ ግቢ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ቆሜ «ውድ ተማሪዎች» ከማለቴ ስልኩ መሞቁን አስታውቆ ይጠፋል። ስለዚህ በየመሃሉ እየሮጥኩ ሄጄ የመጠጥ ውሃው የሚቀዘቅዝበት ትልቅ እንስራ፣ ዚር የምንለው፣ ሥር ያለው እርጥብ አሸዋ ላይ አስቀምጠው ነበር። ስልኩ ሲቀዘቅዝ እኔ እሞቃለሁ፣ እኔ ስረጋጋ እሱ ይሞቃል። ቪዲዮውን ልብ ብላችሁ ካያችሁት «ውድ» የምለው በደረቅ ሸሚዝ፣ «ተማሪዎች» የምለው በላብ በራሰ ሸሚዝ ነው።

የስልክ ማቆሚያም አልነበረኝም። ከዚያው ኒም ቅርንጫፎች ቆርጬ በሲባጎ አሰርኩና ሦስት እግር ያለው ጥሩ ማቆሚያ ወጣው። በእሱ ላይ አቁሜው ዛፍ ያለ አግባብ መቁረጥ ስለሚያመጣው ጥፋት በስሜት ተናገርኩ። ትምህርቱ ከተለቀቀ በኋላ የመጣው የመጀመሪያ አስተያየት ከራሴ ተማሪ ነበር፤ «መምህር፣ ከኋላዎ ያለውን ዛፍ ማን ቆረጠው?» ይላል። መልስ አልሰጠሁም። ዲጂታል ዜጋ ለሁሉም አስተያየት መልስ መስጠት አይጠበቅበትም።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋት ልግባ። መምህር ሲሠለጥን ደጋግሞ የሚነገረው አንድ ነገር አለ፤ ምሳሌህ ከአካባቢው ጋር የተገናዘበ ይሁን። ስለ ሐሰተኛ ወሬ ሳስተምር ስለማያውቁት አገር ብነግራቸው ማን ይሰማኛል? ስለዚህ ቤት ያላነበብኩትን አንድ ምሳሌ እዚያው ቀረጻው ላይ ጨመርኩ፦

«አስቸኳይ! አስቸኳይ! ከሱዳን በኩል የተነሳ ከባድ የአንበጣ መንጋ ወደ ኮኪትና ሽንፋ እየገሰገሰ ነው! ሰሊጣችሁን ዛሬ ነገ ሳትሉ እጨዱ! ይህን መልእክት ለወዳጅ ለዘመድ አድርሱ!»

ከዚያ ዝም እልና፣ ካሜራውን አየት አድርጌ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ እቀጥላለሁ። «አያችሁ? እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሳችሁ ሳታጣሩ አታስተላልፉ። ጠይቁ። ማን አለው? መቼ አለው? ከየት አገኘው?»

በእውነት ለመናገር አንበጣው ላይ ጎበዝ ነበርኩ። ድምፄን አጎርንኜ፣ «እየገሰገሰ ነው» የሚለው ላይ ጣቴን ወደ ምዕራብ ቀስሬ፣ የግብርና ባለሙያም የጦር አዛዥም መስዬ ነው ያልኩት። «አያችሁ?» ካልኩ በኋላ ያለውን ግን ሁልጊዜ ክፍል ውስጥ እንደማስተምረው፣ ከምሳ በኋላ እንዳለ ክፍለ ጊዜ አድርጌ ተናገርኩት። ውሸቱ አማረበት፣ እውነቱ አንቀላፋ። ይህን ያኔ ማስተዋል ነበረብኝ።

ትምህርቱን ቴሌግራም ላይ በከፈትኩት ቻናል ለቀቅሁት። ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። ኔትወርኩ ሲመጣ ተማሪው ክፍል ነው፣ ተማሪው ሲወጣ ኔትወርኩ የለም። ወይዘሮ ስንዱ አዩት። እኔ ደጋግሜ አየሁት። ከሳንጃ አንድ የማላውቀው ሰው ገብቶ «ያገለገለ ትራክተር የሚሸጥ አለ?» ብሎ ጠየቀና መልስ ሲያጣ ወጣ።

«ማኅበረሰቡ ዘንድ አልደረሰም» አሉኝ ወይዘሮ ስንዱ። «አድርሰው።»

ለማድረስ ደግሞ ከኢድሪስ የተሻለ ሰው በአካባቢው የለም። ኢድሪስ መናኸሪያው አጠገብ ባለች የቆርቆሮ ሱቁ ሜሞሪ ይጭናል። አጨዳ ሲደርስ ከጎጃምና ከወሎ፣ ከደጋው ሁሉ የሚመጡት አጫጆች ወደ እርሻ ከመውጣታቸው በፊት እሱ ዘንድ ሳይሰለፉ አይሄዱም። እርሻው ላይ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። ያለው ሰሊጥ፣ ሙቀትና ከኮኪት ያስጫኑት ዘፈን ብቻ ነው። ኢድሪስ ለጎጃሙ የጎጃም፣ ለወሎው የወሎ ዘፈን ይጭንለታል፤ በየዘፈኑ መሃል ደግሞ የራሱን ድምፅ ይሰነቅራል፤ «ኢድሪስ ሞባይል! ኮኪት መናኸሪያ!» ሰውየው አጭዶ አጭዶ አገሩ እስኪገባ የኢድሪስን ሱቅ አይረሳም።

ትምህርቴን በዘፈኖቹ መሃል እንዲያስገባልኝ ለመንኩት።

«ርዝመቱ ስንት ነው መምህር?»

«አሥር ደቂቃ አለፍ ይላል።»

«ያ ዞል! አንተ ሰው!» አለ ኢድሪስ ራሱን ይዞ። «በዚህ ሙቀት አሥር ደቂቃ ምክር! ሰው ይሞታል እኮ። አሳጥሬ ጥሩ ጥሩዋን ልውሰድልህ?»

«ዋናው ፍሬ ነገር እንዳይቀር ብቻ።»

«ኸላስ፣ አለቀ፤ ለእኔ ተወው።»

ለእሱ ተውኩት። ሳታጣሩ አታስተላልፉ ብሎ አገር ምድሩን ያስተማረ ሰው የራሱን ትምህርት ሳያጣራ አስተላለፈ ማለት ነው። ለመስማት ጊዜ አጥቼ አይደለም። ሱቁ ትሞቃለች፣ እኔም ወደ ቤት መሄድ አማረኝ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ደስ ይሉ ነበር። በመናኸሪያው ሳልፍ የማላውቃቸው አጫጆች ስናገር ሲሰሙኝ ዞር ብለው ያዩኛል። ታዋቂ ሆንኩ ብዬ ሸሚዜን መተኮስ ጀመርኩ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሳለሁ ሻይ የምትቀዳልኝ ሴት፣ «ሰምተሃል? አንበጣ እየመጣ ነው አሉ» አለችኝ።

ደስ አለኝ። ትምህርቴን በተግባር የማሳይበት ዕድል ነዋ።

«ማን አለው?» አልኳት፣ እግሬን አነባብሬ።

«መምህር ነው ያለው።»

«የቱ መምህር?»

«እሱን አላየሁትም። ግን አዋቂ ነው፤ ድምፁ ያስታውቃል።»

«መቼ አለው?»

«አሁን ጠዋት ነው የሰማሁት።»

«ከየት አገኘሽው?»

«ከኢድሪስ።»

ብርጭቆውን አስቀመጥኩ። እሷ ግን አልጨረሰችም። «የእናንተ ቤት ጋሽ በላቸውም አጫጆቻቸውን ይዘው ትናንት ወጥተዋል። ሳይቀድመኝ ልቅደመው ብለው ዛሬ ሊጀምሩ ነው አሉ።»

እዚህ ላይ ሰሊጥ ለማታውቁ ትንሽ ልንገራችሁ። ሰሊጥ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መርገፍ ሲጀምር ነው የሚታጨደው። ቢዘገይ ፍሬው ፈንድቶ መሬት ይበላዋል። ቢቸኩሉበት ደግሞ ውስጡ ሳይጠና ይቀራል፤ ያልጠና ሰሊጥ ገለባ ነው። ጋሽ በላቸው «ገና ነው፣ አረንጓዴ ነው» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አምና ያለጊዜው የመጣ ዝናብ የታጨደውን አበስብሶባቸዋል። ዘንድሮም እንዲያ ከሆነ ማሳውን ለሌላ ሰው አሳልፌ እሰጣለሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ክረምት አልችልም ብለውኛል። ያቺ ሰሊጥ ለእሳቸው የመጨረሻዋ ሙከራ ነበረች።

ኢድሪስ ጋ በሩጫ ደረስኩ። «አሰማኝ!» አልኩት። አሰማኝ። መጀመሪያ ዘፈን። ከዚያ «አስቸኳይ! አስቸኳይ!» ብዬ እኔ ስመጣ፣ አንበጣው ሲገሰግስ፣ ሰሊጡ ሲታጨድ፣ ለወዳጅ ለዘመድ ሲደርስ። ከዚያ «ኢድሪስ ሞባይል! ኮኪት መናኸሪያ!» ከዚያ ሌላ ዘፈን።

«የቀረውስ?»

«የቱ?»

«አያችሁ ከሚለው በኋላ ያለው!»

«እሱ ጋ ድምፅህ ይተኛል መምህር። ጥሩዋን ነው የወሰድኩልህ» አለ፤ ፊቱ ላይ ተንኮል የለም፣ ጭራሽ ምስጋና ይጠብቃል። «ለመጣው ሁሉ ነው የጫንኩት። ስለ አንተ ብዬ በነጻ!»

ካፍ ከወጣ አፋፍ የሚሉት ለካ እንዲህ ነው። ለጋሽ በላቸው ደወልኩ፤ ስልካቸው እርሻ ላይ ምን ኔትወርክ አግኝቶ! ባጃጅ ተኮናትሬ ወጣሁ። ባለባጃጁ ገና ሞተሩን ሲያስነሳ ቴፑ አብሮ ተነሳና የራሴ ድምፅ ከጆሮዬ ሥር «አስቸኳይ!» አለ።

«ትሰማለህ?» አለኝ ሹፌሩ። «አንበጣው ደርሷል እኮ።»

«እኔ ነኝ» አልኩት።

«ምኑ ነህ?»

«አንበጣው።»

በመስታወቱ አየኝና ከዚያ በኋላ አላናገረኝም። ትንሽ እንደሄድን ወይዘሮ ስንዱ ደወሉ።

«እንኳን ደስ አለህ! ትምህርቱ ማኅበረሰቡ ዘንድ ደርሷል እየተባለ ነው። ሪፖርት እያደረግሁ ስለሆነ ንገረኝ፤ የተገኘ የባህርይ ለውጥ አለ?»

«አለ» አልኳቸው። «ሰው ሰሊጥ ማጨድ ጀምሯል።»

«እሱን እንዴት ብዬ ልጻፈው?» ሲሉ ኔትወርኩ አለቀ።

ብዙም ሳንርቅ መንገዱም አለቀ። ዋልካ አፈር ዝናብ ሲነካው ምን እንደሚሆን የእኛ ሰው ያውቃል፤ ባጃጇ ጭቃው ውስጥ ተቀርቅራ ቁጭ አለች። ወርጄ በእግሬ ገባሁበት። ጫማዬ እየከበደ፣ እየከበደ ሄዶ አንዱ ጭቃው ውስጥ ሲቀር ሌላውን አውልቄ በእጄ ያዝኩ። ማሳው ዳር ስደርስ፣ በአንድ እጄ አንድ ጫማ ይዤ፣ እስከ ጉልበቴ ጠቁሬ፣ ያንን የተተኮሰ ሸሚዝ በላብ አጥቤ ነበር።

አጫጆቹ ተሰልፈው ገብተውበታል። የማሳው አንዱ ጥግ ታጭዶ እየታሰረ ቆሟል። የታጨደው ሰሊጥ እንዲደርቅ ነዶው ቀጥ ብሎ የሚደገፍበትን ክምር ሂላ እንለዋለን፤ ከሂላዎቹ የወጣው ቅጠል ጎመን የመሰለ አረንጓዴ ነበር። ዲጂታል ዜግነትና ዘላቂነት እንዴት እንደሚገናኙ ስጨነቅ የከረምኩት ሰውዬ እዚያች ጥግ ላይ ቆሜ ገባኝ። በስልክ የተወራ ወሬ የዓመት እህል በጥሬው ያሳጭዳል፤ ዘንድሮን አበላሽቶ ከርሞን ይወስዳል። ስክሪፕቱ ላይ ይህን መጻፍ ነበረብኝ።

«አቁሙ!» ብዬ ጮህኩ።

ማንም አላቆመም። ካቧቸው፣ ማለትም የአጫጆቹ አለቃ፣ አያሌው የሚባል ረጅም የጎጃም ሰው፣ ማጭዱን እንደያዘ ወደ እኔ መጣ።

«ማነህ አንተ ወንድማለም? ከዬት ነው የመጣኸው? ማን ነው አቁሙ ያለ?»

የራሴን ጥያቄ ነበር የጠየቀኝ፤ ትምህርቱ ሳይደርሰው።

«መምህሩ ነኝ።»

«የቱ መምህር?»

«ስልኩ ላይ ያለው። አንበጣ መጣ ያልኩት እኔ ነኝ። አልመጣም፤ ለትምህርት የተባለ ነው።»

አያሌው ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ ታች ላይ ብዙ ቆየ። «ኧረ ሰይድ፣ ና እስቲ ያን ስልክህን አምጣው!»

ሰይድ የሚባለው የወሎ ሰው ስልኩን በአንገቱ ካንጠለጠለበት ላስቲክ አውጥቶ ከፈተው። ድምፄን አዳመጡ። እኔን አዩ። እንደገና አዳመጡ።

«ወላሂ እሱ አይደለም» አለ ሰይድ። «የስልኩ ሰውዬ ጀግና ነው። ይሄ ይንቀጠቀጣል።»

«እውነት ከሆንክ እስቲ በለው» አለኝ አያሌው።

«ምኑን?»

«ያንኑ ነዋ። በድምፅህ እንለይህ።»

ምን ላድርግ? ጫማዬን በእጄ እንደያዝኩ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «አስቸኳይ! አስቸኳይ! ከሱዳን በኩል የተነሳ...» አልኩ፤ መጀመሪያ ቀስ ብዬ፣ ኋላ እንዲያምኑኝ ስል እንደ ቀረጻው ቀን አጎርንኜ። «እሱ ነው! እሱ ነው!» አለ ሰይድ እየዘለለ። በማሳው ወዲያኛው ጫፍ የነበሩት አጫጆች ግን የሰሙት «እየገሰገሰ ነው! ዛሬ ነገ ሳትሉ እጨዱ!» የሚለውን ነው። ጎንበስ ብለው ሩጫ በመሰለ አጨዳ ይፈጁት ጀመር። ተው ስላቸው እያበረታታኋቸው መሰላቸው መሰለኝ፣ እጃቸውን አውለበለቡልኝ። አያሌው ራሱ ሮጦ ሄዶ ነው ያስቆማቸው።

ከወዲያ በኩል ጋሽ በላቸው መጡ። ማጭድ ይዘዋል፤ ለካ እሳቸውም ሲያጭዱ ነበር። ላባቸውን ጠርገው እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ምሳሌ ነው ጋሼ» አልኳቸው። «ለማስተማር ብዬ የፈጠርኩት ነው።»

«አንበጣ ፈጠርክ?»

«አዎ።»

«አንተ ፈጥረህ ነው እኔ የማጭድ?»

ጋሽ በላቸው የቆረጡትን አንድ አገዳ አንስተው ፍሬውን በአውራ ጣታቸው ፈለቀቁት። ውስጡ ነጭ ውሃ መሳይ ነው።

«ሌላ ሰው ቢለው ከቤቴ አልነሳም ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ግድግዳው ያሰማኛል እኮ። ማን አለው ብላችሁ ጠይቁ ስትል እሰማለሁ፤ ደህና ነገር ያስተምራል እያልኩ። እነዚህ ልጆች አንበጣ መጣ ሲሉኝ ታዲያ ጠየቅሁ። ማን አለው አልኳቸው። ስልኩን ከፈቱልኝ። አንተ ነህ። ከዚያ ወዲያ ምን እጠይቃለሁ?»

ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ስድቡ ይሻለኝ ነበር። በኋላ እንደሰማሁት ያንን ቅጂ ያልሰማ እርሻ አልነበረም፣ አምኖ ማጭድ ያነሳ ግን ሌላ ማንም አልነበረም። ሌሎቹ ሰምተው ስቀው አለፉ፤ ማን እንደሆንኩ አያውቁማ። የተጎዳው የሚያውቀኝ ሰው ብቻ ነው።

አያሌው ጉዳዩ አላለቀለትም። «ጋሼ፣ ይሄ ሰው ፊት አለ ብሎ፣ አሁን የለም ይላል። ያሁኑ ውሸት ቢሆንስ? ያኔማ መንጋው ይመጣና...» ጥያቄው ትክክል ነበር፤ እኔም ብሆን ይህንኑ ነበር የምጠይቀው። ሁሉም ጋሽ በላቸውን ያያሉ። እሳቸው ወደ ምዕራብ አዩ፤ ከዚያ ወደ እኔ።

«ድምፁን ሰምቼ ጀመርኩ» አሉ። «አሁን ደግሞ ፊቱን አይቼ አቆማለሁ። ማጭዳችሁን ሰብስቡ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ የአንበጣ ጠባቂ ሆንኩ። ማንም አላዘዘኝም። ግን እስቲ አስቡት፤ ያ ሰሊጥ እንደቆመ ያለው በእኔ ቃል ነው። አንበጣ የሚባል ፍጥረት ደግሞ በዓለም የሌለ ነገር አይደለም። እኔ ስለፈጠርኩት ብቻ እውነተኛው አይመጣም ያለ ማን ነው? ጠዋት ከመታጠቤ በፊት ወደ ምዕራብ አያለሁ። በክፍለ ጊዜ መሃል መስኮት ጋ እሄዳለሁ። አንድ ረፋድ ከአድማስ ጥቁር ነገር ሲነሳ አይቼ ጠመኔውን ጥዬ ወጣሁ። ለካ ከሰል የሚያከስሉ ሰዎች ጭስ ነው። ስለ ዛፍ ጭፍጨፋ ያን ሁሉ የተናገርኩ ሰው ተናድጄ መጮህ ሲገባኝ «ተመስገን!» ብዬ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ።

አንበጣው ቀረ። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ረገፈ። ጋሽ በላቸው በራሳቸው ጊዜ ማጭድ አነሱ፤ አጫጆቹም በደንብ አጨዱት፣ ሂላው በየቦታው ቆመ። ሲደርቅና የማራገፊያው ቀን ሲደርስ፣ «ዛሬ ና» አሉኝ። ስለ ማሳው ከዚያ ቀን በኋላ ሲያናግሩኝ የመጀመሪያቸው ነበር።

ሸራው መሬት ላይ ተዘርግቷል። አያሌውና ሰይድ ነዶውን ገልብጠው በዱላ ጠብ ጠብ ሲያደርጉት ሰሊጡ እንደ ውሃ ይፈስሳል። ጋሽ በላቸው ከሸራው ዳር ቆመው ያያሉ፤ ፊታቸው ላይ ያለውን ደስታ ለመደበቅ ሲታገሉ አየኋቸው። ማሳውን ለሰው አይሰጡም። ይህን ሳይናገሩ አወቅሁት፤ ለከርሞ ስለሚዘሩት ዘር ከአያሌው ጋር ሲያወሩ ነበርና።

መጨረሻ ላይ፣ ለብቻው የተከመረውን፣ ያለጊዜው የታጨደውን የዚያችን ጥግ ሰሊጥ ራሳቸው ይዘው መጡ። በሸራው ጫፍ ገለበጡና መቱት። እንደገና መቱት። ብናኝና ገለባ ወጣ፣ ከገለባው ጋር ጭብጥ የማይሞላ የተጨማደደ ፍሬ። በመዳፋቸው ሰብስበው፣ እፍ ብለው፣ እጄ ላይ አደረጉልኝ።

«ቅመስ» አሉኝ።

ደህና ሰሊጥ ጥርስ ላይ ሲደርስ ቅባቱ ይሰማል። ይሄ መጀመሪያ ገለባ ገለባ አለኝ፣ ከዚያ መረረ።

«እንዴት ነው?»

«ይመራል ጋሼ።»

«አዎ» አሉ። ሸራውን ማጠፍ ጀመሩ፤ እኔን ሳያዩ ነበር የቀጠሉት። «ከርሞም እጨድ ካልከኝ አጭዳለሁ፤ ተው ካልከኝ እተዋለሁ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ሰው ማመን አልጀምርም። ስለዚህ አንተ አስበህ ተናገር።»

አፌ ውስጥ የነበረውን ዋጥኩና፣ እሺ አልኳቸው።